የእንግዳው ምስር

ስንቅነሽ ሰውየውን ገና ከበሩ ሲገባ ጠላችው።

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዓርብ ዓርብ ለተቸገሩ ምግብ ስታበስል አምስተኛ ዓመቷ ነው። ከአሠሪዋ ቤት የተባረረች፣ ወረቀት አጥቶ ከፖሊስ የሚሸሸግ፣ የታመመ፣ ሁሉም ከእጇ በልቷል። ደላላም አይታለች። ወደ ሊቢያ የሚያሻግሩት ደላሎች ሥራ የፈታ ወጣት የት እንደሚሰበሰብ አይጠፋቸውም። አንድ ልጇን ሚልዮንን ያማለሉባት እዚሁ አጥር ሥር ነው። ከሄደ ሦስት ወሩ፣ ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ወሩ ነው። በየቀኑ ትደውልለታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አዲስ ፊት ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ሰውየው ደመቀ እባላለሁ አለ። ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። አንድ ጆንያ ምስርና ዘይት ባጃጅ ከሚመስለው ረክሻ አውርዶ እግሯ ሥር አስቀመጠ።

"እትዬ ስንቅነሽ፣ ለነዳያን ያብስሉልኝ።"

ስሟን ማን ነገረው? ሲያናግራትም ቀና ብሎ አላያትም።

"ለነገው ዓርብ ይደርሳል" አለችው።

"ነገ አይሁን። የሚቀጥለው ጁምዓ ነው። ወላሂ፣ ቀኑ እንዳይለወጥብኝ።"

ሲወጣ ጠብቃ አብራት የምታበስለውን የኔነሽን ጠራቻት።

"የሊቢያው መኪና የሚነሳበትን ቀን ነው የሚቆጥረው። ዓይንሽን ከእሱ ላይ እንዳትነቅይ።"

የተባለው ዓርብ ደረሰ። ስንቅነሽ ምስሩን አሳምራ ሠራችው፤ ለበላተኞቹ ብላ እንጂ ለእርሱስ ውኃም አታፈላለት። ደመቀ ግን አልቀመሰም። ከወጣቶቹ መሐል ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። አንደኛው ሳህኑን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ።

ከዚህ በላይ አልቻለችም። ጭልፋዋን እንደያዘች ፊቱ ቆመች።

"ስማ። የእኔን ልጅ ወስዳችኋል። የእነዚህን እናቶች ግን አታስለቅስም። ያላ፣ ውጣልኝ።"

ደመቀ ተነሳ። እንባው ወረደ። ስንቅነሽ ትንሽ ግራ ገባት። ደላላ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

የደብሩ ቄስ መምሬ ጥዑመልሳን፣ ማዕዱ ከፍ ሲል እንደ ልማዳቸው ሊጸልዩ መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ።

"ልጄ፣ ስለ ማን ብለህ ነው ያበላኸው?"

"በረሃ ላይ እጄ ላይ ስለሞተ ጓደኛዬ ነው፣ አባቴ። ዛሬ ዐርባው ነው።"

ስንቅነሽ "ራሱ አስገድሎት ይሆናል" አለች በልቧ።

"ነፍስ ይማር። በጸሎት ላስበው፤ ክርስትና ስሙ ማን ነው?"

ደመቀ ለመጀመሪያ ጊዜ የስንቅነሽን ዓይን አየ።

"እኔ አላውቀውም፣ አባቴ። እርሳቸው ያውቁታል።"