ያልጠጣችው ውሃ

«በይ፣ ጠጪው» አሉ ኦቦ ዋቆ፣ ውሃ የሞላውን ጆግ ወደ ዱርሲቱ እየገፉ።

ከሰበታ በታች ወንዙ ዳር የተሰበሰቡት ገበሬዎች አንገታቸውን አስግገው ጆጉን አዩ። ጆጉ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ የብርጭቆ ጓል ተኝቷል። ያቀለጠችው ራሷ ዱርሲቱ ናት፤ ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ የሚጥለውን ክሮም የተባለ መርዛም ብረት ያለበት ዝቃጭ ከጠርሙስ ስባሪ ጋር ቀላቅላ።

የሱሉልታ ልጅ ናት። ባሕር ማዶ የተማረችው የኑክሌር ቆሻሻን ብርጭቆ ውስጥ አስሮ ማስቀመጥ ነበር። አገሯ ስትመለስ ግን መታሰር ያለበት ሌላ መርዝ ደጇ ላይ ጠበቃት። ዛሬ የምትለምነው ለሙከራ ምድጃዋ የምትሆን ቁራሽ መሬት ነው። መንደሩ እምቢ ካለ የዓመታት ልፋቷ ከላቦራቶሪ አይወጣም።

«መርዙ ታስሯል፣ አይወጣም ብለሻል» አሉ ሽማግሌው። «እንግዲያ ውሃው ምን ያደርግሻል?»

አንድ ጊዜ ብትጎነጭላቸው ነገሩ ያልቃል። እጇ ወደ ጆጉ ሄዶ ነበር፤ መለሰችው።

«አልጠጣም፣ ኦቦ ዋቆ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዲት ሴት «አላልኳችሁም?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ለመሄድ ተነሳች።

«ፈርቼ አይደለም» አለች ዱርሲቱ። «ብጠጣው ዛሬ ምንም አልሆንም። መርዝ ቢኖርበትም እኮ ዛሬ ምንም አልሆንም! እንዲህ ያለው መርዝ እያደር ነው የሚጎዳው። ታዲያ የእኔ መጠጣት እናንተን ማታለል እንጂ ምን ማስረጃ ይሆናል? ብርጭቆው ላቦራቶሪ ውስጥ ፈተናውን አልፏል። በእናንተ አፈርና በእናንተ ዝናብ ግን ገና አልተፈተነም፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ብርጭቆውን አጥቦ የሚወርደውን ውሃ ራሳችሁ ቅዱ፣ ባመናችሁበት ቦታ አስመርምሩት። ክሮም ከተገኘበት ምድጃዬን ነቅዬ እሄዳለሁ።»

ኦቦ ዋቆ ትክ ብለው አዩዋት።

«ፋብሪካው ሲከፈት የመጣው ሰውዬ ከወንዙ ቀድቶ ጠጣልን» አሉ። «ጭልጥ አድርጎ! አጨበጨብንለት። በዓመቱ ጊደሮቼ አለቁ። ሰውየው እንኳ እስካሁን ደህና ነው ይባላል።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው «ዱጋ ጄቴ» አሉ። እውነቷን ነው። የተነሳችው ሴት ተመልሳ ተቀመጠች።

«ነይ፣ ልጄ። እዚህ ታች ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ምድጃሽን ጠራርጎ ይወስድብሻል።»

እየመሩ ዳገቱን አስወጧት። ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ከዘራቸውንም ከመሬቱ ሰክተው «ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው» አሉ። ለምልክት እንዲሆናት እዚያው ተዉት።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚደገፉት አልነበራቸውም። የዱርሲቱን ክንድ ያዙ።