እጅ የሚለቀው

ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት የጥርስ ሐኪሞች አውቶቡስ ላይ ሲጨዋወቱ ሰምቼ ነበር። «ስልጠናው ግማሽ ቀን ነው አሉ። ጓንቱን ታጠልቃለህ፣ እጅህ ይማራል።»

«በምን ምትክ?»

«ከልጅነትህ እጅህ ከሚያውቀው ሙያ አንዱን ትለቃለህ።»

የቀረውን ረስቼዋለሁ፤ ብቻ ሲሳሳቁ ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ፍሬገነት ለወረዳችን ያለችን አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት። ስልጠናው በየዓመቱ ነው፤ ካቻምና ጥልፏን፣ አምና የእጅ ጽሕፈቷን ለቀቀች። ዛሬ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነው። ግን የአንድ ሽማግሌ ባዶ ድድ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ አዲስ ጥርስ እንደ ቡቃያ ብቅ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። አማተብኩ።

የዘንድሮው ስልጠና ነገ ነው፤ የመንጋጋ ካንሰርን ገና ሳይታይ በጣት ዳስሶ መለየት። ካልወሰደች ፈቃዷ ይሰረዛል። የምትለቀው የቀራት ሙያ ሹሩባ መሥራት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን ናርዶስ በእናቷ ጉልበቶች መሐል ተቀምጣ ሹሩባ እየተሠራች ነው።

«እማ፣ እምቢ በያቸው።»

«የታመመውን ሰው ምን ልበለው፣ ሆዴ?»

«ታዲያ እኔን ማን ይሠራኛል? አባዬ? የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ አያስር!»

ፍሬገነት ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ጣቶቿ ቆሙና ቀና ብላ አየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሹሩባ መሥራት ተማርልኝ ብላ ስትለምነኝ፣ ሰፈሩ ምን ይለኛል እያልኩ እምቢ ብያት ነበር። ጥርስ የሚያበቅሉትን ጣቶቿን አየኋቸው። የልጄ አንገት ላይ በቀስታ፣ ፀሎት እንደሚያደርስ ሰው አርፈዋል።

«እሺ» አልኩ፤ ሚዶውን ተቀብዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። «አሳዪኝ።»