ወድቆ የማያውቀው ሰርቨር

ኮድ ገምጋሚዋን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክናታል። የሥራ ባልደረባዋ ናሁሰናይ የጻፈው የመፈተሻ ኮድ ፊቷ ተዘርግቷል። ኮዱ የፕሮሰሰራቸው ዓይነት በተለያየ ሦስት ሰርቨሮች ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር እያስነሳ፣ ለሕሙማን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ፕሮግራም ይፈትናል። ስክሪኑ ላይ ሦስቱም አረንጓዴ በርተዋል፤ ፈተናው አልፏል ማለት ነው። እሷ ካጸደቀችው ፕሮግራሙ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይገባል።

"አጽድቂልኝና ምሳ እንብላ እንጂ! ምን ሆነሻል?" አላት ናሁሰናይ።

"ሁለቱ ሰርቨሮች ስንቴ እየወደቁ አስለቅሰውናል። ሦስተኛው ለምን አንድ ቀን እንኳ አይወድቅም?"

"ጨዋ ነዋ! ስህተት ካለ ይጮኻል፤ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው፤ ኮዴም አልፏል ብሎ አረንጓዴ ያበራል።"

አላስችል አላት። "ፈተናውን እንደገና አስነሳው፤ እኔ ሄጄ በዓይኔ ልየው" ብላ ሰርቨሮቹ ወዳሉበት ምድር ቤት ወረደች።

ሁለቱ እያጉረመረሙ ነው። በሦስተኛው ቦታ የጥበቃው የጋሽ ወርዶፋ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል።

"ጋሽ ወርዶፋ፣ እዚህ የነበረውስ?"

"እሱን ለጥገና ከወሰዱት እኮ ከረመ፣ ልጄ።"

ስልኳ ጮኸ። ናሁሰናይ ነው።

"አለፈ! ሦስተኛውም እንደ ልማዱ አለፈ። አሁንስ አመንሽ?"