ለአባታቸው ምቾት የመጣው ትራስ

"እጅሽን ከአባቴ አንገት ላይ አንሺ…"

ማኮሪ ነው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ። የሚናገራት ታናሽ እህቱን ቦናሬሪን ነው።

ቀና ብላ አላየችውም።

አልጋው ራስጌ ተንበርክካ የሽማግሌውን መንጋጋ በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛለች። ራሳቸው ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል።

ትራሱ መሬት ላይ ነው… መንጥቃ የጣለችው እሷ ናት።

ትራሱ ደግሞ ተራ ትራስ አይደለም። ማኮሪ ለአባቱ ከናይሮቢ ያመጣው፣ አክስታቸው እትዬ ሞራ ነጭ ዳንቴል የሠሩለት፣ እንግዳ ካልመጣ ከሳጥን የማይወጣ ትራስ ነው።

ሽማግሌው ሞማኒ ከቀትር በኋላ ወንበራቸው ላይ ሻይ እየጠጡ ሳለ አፋቸው ተጣመመ። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ራሳቸውን ሳቱ።

ተሸክመው አስተኟቸው። ትራሱን አደረጉላቸው። አልበቃ ብሏቸው ከስሩ ሌላ ጨመሩበት…

አገጫቸው ደረታቸውን ነካ።

ከዚያ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ቤቱ ተንፈስ አለ። እትዬ ሞራ ወንድማቸው ደክሞት እንጂ ሌላ አለመሆኑን ተናገሩ፤ ጎረቤቱም አሜን አለ።

ቦናሬሪ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው።

ሥራዋ ኪሲ ከተማ፣ አምቡላንስ ላይ ነው። ዛሬ ተራዋ ስላልነበር ያለ ሕክምና መሣሪያ፣ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ባልደረቦቿን ደውላ ጠርታለች፤ ግን ከመንደሩ የሻይ ቅጠል መረከቢያ በታች ያለው መንገድ ዝናብ ጠጥቶ መኪና ይውጣል።

ቤተሰቡ አይወዳትም።

እናቷ ሲቀበሩ አልመጣችም። የዚያን ቀን ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ከነተሳፋሪው ተገልብጦ ሰው ስታወጣ ነበር። ይህን ስትነግራቸው "የሰው እናት ካንቺ እናት በለጠች?" ነበር ያሏት።

አሁንም ልታስረዳ ሞከረች። ይህ እንቅልፍ እንዳልሆነ… ምላሳቸው ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሯቸውን እየዘጋ እንደሆነ… መንጋጋቸውን ካልያዘችላቸው አየር እንደማይገባ… መኪናው እስኪደርስ ብቻ እንዲተዋት።

"ወንድሜን እንደሚታረድ ፍየል አንገቱን ገልብጠሽ?" አሏት እትዬ ሞራ።

ከጓዳ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ቦናሬሪ አልለቀቀችም።

እና… ማንኮራፋቱ ቆመ።



ሽማግሌው እየተነፈሱ ነበር። ደረታቸው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከንፈራቸው ላይ የነበረው ጥቁረት እየለቀቀ ነው። ድምፁ የጠፋው ጉሮሯቸው ስለተከፈተ ነው።

ግን ደረታቸውን ያየ የለም። ሁሉም ያመነው ጆሮውን ነው።

"አነቀቻቸው" አለ ማኮሪ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "እናታችንን አልቀበረችም… አባታችንን ልትቀብር መጣች።"

ሁለት የአጎቷ ልጆች በብብቷ ስር ገብተው ጎተቷት። አልላቀቅ አለች። አንደኛው ጣቶቿን ከአባቷ መንጋጋ ላይ እየፈለቀቀ አወጣቸው።

"እሺ ጋሼ… አውጡኝ። ደብድቡኝ። ግን በጎናቸው አስተኟቸው። ትራሱን ተዉት" አለችው ማኮሪን።

"አባቴ እንደ ሰካራም በጎናቸው አይጣሉም።"

ደጅ አውጥተው ጭቃው ላይ አስቀመጧት።

ውስጥ ማኮሪ ትራሱን አነሳ። አቧራውን አራገፈ። ዳንቴሉን አስተካከለ። የአባቱን ራስ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ አቅፎ አስቀመጠበት።

እያለቀሰ ነበር። ይወዳቸው ነበር… ይህን ማንም አይክደውም።

ማንኮራፋቱ ተመለሰ።

ሴቶቹ እልል አሉ።

እዚህ ጋ ላቋርጣችሁና ትምህርቱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ኋላ ላይ አንደበቱ አይኖረኝም።

ራሱን የሳተ ሰው ሲያንኮራፋ "ተኛ" አትበሉ። እየታነቀ ሊሆን ይችላል። ትራስ አትደርቡለት። ምቾቱን ተዉትና ትንፋሹን ጠብቁለት።

ፍቅር ብቻውን እውቀት አይሆንም።

የጠላነው ሰው ደግሞ እውነት ሲናገር እንኳ የምንሰማው ጥላቻችንን ነው።

ጥያቄዬ ይህች ናት… በየቤታችን ቃሉ የማይሰማ አንድ ሰው አለ። ነገ እናታችሁ አልጋ ላይ ብትወድቅና ያ ሰው እየሮጠ ቢመጣ፣ እጁን ትይዙታላችሁ ወይስ ትለቁለታላችሁ? ኮሜንት ላይ እውነቱን ጻፉ። የሚያምረውን አይደለም፣ እውነቱን።

ታሪኩ ግን አላለቀም።

ቦናሬሪ ጭቃው ላይ ሆና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

ማንኮራፋቱ ወፈረ። ተቆራረጠ። አንዴ ረዘም ብሎ ተጎተተ…

ከዚያ ምንም።

ልትነሳ ስትል አንደኛው የአጎቷ ልጅ ትከሻዋን ተጭኖ አስቀመጣት። "ተይ እንግዲህ፣ አታስቸግሪ" አላት፤ ክፉ ልጅ አልነበረም።

ከቁልቁለቱ በኩል የአምቡላንሱ ሳይረን ተሰማ። ቀረበ። አጥሩ ጋ ደረሰ።

በሩ ተከፈተና እትዬ ሞራ ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቷል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ መኪናው አዩ።

"ልጆቼ፣ ያን ጩኸት አጥፉልኝ… ወንድሜን ገና አሁን ደህና እንቅልፍ ወሰደው።"

እንዳይቀሰቅሱት ተጠንቅቀው፣ ቀስ አድርገው በሩን ዘጉት።