ቆጣሪው አሁንም ይዞር ነበር

እንደ ወትሮው ማልዳ ተነስታ አልጋዋን አነጠፈች፤ ሻይዋን ጠጥታ ብርጭቆዋን አጠበች። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ነቀለችና ያስጠራችውን ኤሌክትሪሺያን ይዛ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ወዳለው ቆጣሪ ወጣች። ቆጣሪው አሁንም ይዞር ነበር። ሂሳቡ በዝቶብኛል ብላ በየወሩ ብትከራከርም መብራቷ እየተሰረቀ መሆኑን ያመናት ሰው አልነበረም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ዛሬም እኔን ነው የሚጠረጥሩት?» አለ እየሳቀ። «የኔ የስፌት መኪና እንደሆነች በእግር ነው የምትረገጠው!»

«ካውያህስ?»

«ይግቡና ይንኩት፤ እንደኔ ገበያ ቀዝቅዟል።»

ሳቁ ይበልጥ አስጠረጠራት። ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪዋ ተነስታ በግድግዳው ጥግ ወደ ላይ የምትወጣ፣ አቧራ የለበሰች ቀጭን ሽቦ አገኘ። «ይኸው ሌባዋ!» አለ።

«ኧረ እሷን ተዋት...» ብሎ ልብስ ሰፊው ሲጀምር ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ይኸው፣ ራሱን አጋለጠ።

«ቁረጣት!» አለች።

ኤሌክትሪሺያኑ በፒንሳ ቆረጣት። ከልብስ ሰፊው ቤት የሚሰማው ሬዲዮ ማውራቱን ቀጠለ። መስኮት የሌለው ደረጃ ግን አምፖሉ ጠፍቶ ድቅድቅ ብሎ ጨለመ።

«ጋሼ ባለቤትዎ ናቸው እኮ የዘረጓት፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አለ ልብስ ሰፊው፣ አሁን ሳይስቅ። «እርስዎ ከሥራ ሲያመሹ ደረጃው እንዳያደናቅፍዎት ብለው። የሚያውቁ መስሎኝ።»

ሴትየዋ በእጇ ግድግዳውን ዳብሳ ያዘች። ኤሌክትሪሺያኑ ስልኩን አብርቶ ቆጣሪውን አየው፤ ቆሟል። ደረጃው ላይ መብራት አልነበረም።