ድሪቶ

ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ አሮጌ ቀሚስና የመጋረጃ ቁራጭ እያጋጠመች ብርድ ልብስ ትሰፋለች። እሱ አልጋ ከያዘ ሁለት ወር ሆኖታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ድሪቶ ለማኝ ልታስመስይኝ ነው?» አላት።

«ምላስህማ አልታመመም! ሐኪሙ ለዳግማ ትንሣኤ ይነሣል ብሏል፣ አልነገርኩህም?»

ለዳግማ ትንሣኤ የልጃቸው የይመኙሻል ሰርግ ነው።

«እንግዲያው ኮቴን እጠቢልኝ። ልጄን በሹራብ አልድርም።»

«ታጥቧል» አለችው ቀና ሳትል።

ደስ አለው። ያለው ኮት እሱ ብቻ ነው።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ድረስ አለበሰችው። ሙቀቱ ተስማማው። እጁን ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ ጣቶቹ ኪስ ውስጥ ገቡ። ቀና ብሎ አየው፤ ግራጫ ነው፣ የሳሙናው ሽታ ገና አልለቀቀውም፣ የገዛ ኮቱ ኪስ።