ዝም ያለው አውራ

መጥሪያዬን አንድ ጊዜ ብቻ እፍቃለሁ። የእንጨቷ ሳጥን ክዳን ጠርዙ ላይ ሲንሸራተት ተርኪ የምትባለው ትልቅ የዱር ወፍ ሴቷ ወንዷን የምትጣራበትን ድምፅ ያወጣል። ከዚያ መጥሪያዬን ጭኔ ሥር ሸጉጬ፣ ጠመንጃዬን ጉልበቴ ላይ አደላድዬ ጸጥ እላለሁ።

እሱም ጸጥ ብሏል። ጎህ ሲቀድ ካደረበት ዛፍ ላይ ሆኖ ሸለቆውን ሲያናውጠው የነበረው አውራ ተርኪ መሬት ከወረደ ወዲህ ትንፍሽ አላለም። በፀደይ እንዲህ ነው፤ ሴቶቹ ከከበቡት ምን አስጮኸው? ችኩል አዳኝ "ሄዷል" ብሎ ይነሳል። ታጋሽ ይቀመጣል፤ ዝም ያለ አውራ ኮቴውን አጥፍቶ እየመጣ ሊሆን ይችላልና።

እኔ ወገቤ ይቆረጥ እንጂ አልነሳም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ወንዶቹ ከጫካ እስኪመለሱ ዳቦ ስጋግርና የቋሊማ መረቅ ሳማስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ባሌ ሃርላን፣ ወንድሙ ሮይስና ልጆቼ የገደሏቸው ተርኪዎች ጅራት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። የእኔ የምለው አንድ ላባ እንኳ የለም።

ትናንት እራት ላይ፣ ዛሬ በዚህ ሸንተረር የምወጣው እኔ ብቻ መሆኔን ለሁሉም ተናገርኩ። ሮይስ ጢሙን እየጠረገ ሳቀ።

"ኔልዳ! አንቺ ምላስሽን ሰብስበሽ ልትቀመጪ? ተርኪው ራሱ 'እባክሽ አሳርፊኝ' ብሎሽ ነው የሚሄደው።"

ሁሉም ሳቁ። ሃርላንም ሳቀ፤ እሱን ገና ይቅር አላልኩትም።

አሁን ከግራዬ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ አንዲት ሴት ተርኪ ትመልስልኛለች። ድምጿ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ጥሩ ነው። እውነተኛዋ ተርኪ መሀል ላይ ድምጿ ይሰነጠቃል፣ ትንተባተባለች። ይህቺ ግን ለውድድር እንደቀረበች ዘፋኝ አንዲት አታዛንፍም። አልመልስላትም።

ያኔ ከፊቴ፣ ነጭ አበባ ካወጣው ዛፍ ሥር፣ የአውራው መላጣ ጭንቅላት ብቅ ይላል። መጣ! አንድም ሳይጮህ መጣ። ደረቱ ላይ እንደ ጢም የተንጠለጠለው ላባ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከፊቱ የወደቀውን ግንድ ካለፈ የእኔ ነው።

በግራ ዓይኔ ጥግ ቅጠል ይነቃነቃል። ጠቆር ያለ ነገር በሣሩ መሀል እየተሳበ ይቆማል። የጠመንጃ አፈሙዝ ነው፤ የተነጣጠረውም ወደ አውራው አይደለም። ወደ እኔ ነው።

ይህን ሕግ በእኛ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። ወደ ሴት ተርኪ ድምፅ እየዳህክ አትሄድም፤ ተቀምጦ የሚጣራ ሰው ሊሆን ይችላል። የሚዳህ ሰው ቢመጣብህ ደግሞ እጅህን አታወዛውዝም፣ አታፏጭም፤ በጫካ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ላባ ይመስላል። ጮክ ብለህ በሰው ድምፅ ትናገራለህ።

ብተኩስ እንቀሳቀሳለሁ፤ ያም ሰው ይተኩሳል። ብናገር አውራው ይሄዳል። አውራው አንድ እግሩን ግንዱ ላይ ያወጣል።

"ሰው አለ!" እላለሁ። "ሰው ነኝ! እንዳትተኩስ!"

የአውራው ክንፍ እንደ ነጎድጓድ ይፈነዳል። ሸለቆውን ተሻግሮ ሲሰወር እያየሁት እንባዬ ይመጣል፤ የንዴት እንባ ነው።

ሮይስ የራሱ መጥሪያ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከቁጥቋጦው ይነሳና የፊቱን መሸፈኛ ይገፋል። በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለልጆች የአደን ሕግ የሚያስተምረው ሮይስ!

"ምን ሆነሽ ነው? አበላሸሽው እኮ! ስንት ቀን የለፋሁበትን ወፍ!"

"ወደ እኔ ነበር የምትዳኸው።"

"ሴት ተርኪ ስትጣራ ሰማሁ፣ አውራው ከሷ ጋር ይኖራል ብዬ ነዋ!"

"እዚህ እንደምወጣ ነግሬሃለሁ!"

"ኧረ ባክሽ! ወፉ ዝም ሲል ጊዜ ወደ ቤት የሄድሽ መስሎኝ ነው። እስካሁን ትቀመጣለች ብሎ ማን ያስባል?" ይባስ ብሎ ይስቃል። "ለማንኛውም ጥሩ ትጣሪያለሽ። እኔን እንኳ ሸወድሽኝ።"

ማመስገኑ ነው እንግዲህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይሄ ግን አጥሩን ነቅንቆ ሲያበቃ ባለቤቲቱን ለምን ጮኽሽ ይላታል። ደሜ ይፈላል። ዛፉን ተደግፌ እነሳለሁ።

"ልትገድለኝ ነበር፣ ሮይስ።"

"አታካብጂው! እኔ ሳላይ መች እተኩሳለሁ? አፈሙዙ ወዳንቺ ዞረ እንጂ የጠመንጃው መቆለፊያ እንደተቆለፈ ነው። ደግሞ ለሃርላን እንዳትነግሪው፤ ነገር ያከራል።"

"ጠመንጃህን አሳየኝ።"

"ለምን?"

"አሳየኝ አልኩህ!"

ትከሻውን ነቅንቆ ጠመንጃውን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ አብረን እናያለን። መቆለፊያው ሲከፈት ብቻ የምትታየው ቀይ ነጥብ ወጥታለች፤ ጣቱም ገና ከምላጩ ላይ አልተነሳም።